የአዳኝ ኮሮጆ፤ ስለ ጌጡና ስለ እውነተኛነቱ

የእጅ ሥራን ለመመርመር የተነሣ ሰው «ዕቃው ምን ያህል ያምራል?» ብሎ ከመጠየቁ አስቀድሞ «ዕቃው ለምን ተሠራ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ጌጥ የዕቃው እንግዳ ነውና፤ እንግዳም ባለቤቱን ከመቀመጫው እስካላስነሣው ድረስ ቤቱን ያደምቃል። ይህን ሐሳብ ይዘን ዛሬ የምንመረምረው ነገር በመልኩ ትንሽ ነው፤ እርሱም በአሜሪካ የሚኖሩ የእጅ ባለሙያዎች የጥንቱን አብነት ተከትለው ከቆዳ የሚሰፉት፥ በሕዝባቸውም የቆየ ጥበብ፥ ማለት በአበባ፥ በልብና በወፍ ምስል የሚያስጌጡት የአዳኝ ኮሮጆ ነው። ነገሩ ለአንባቢዎቻችን ከሩቅ የመጣ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን አባቱ ወይም አያቱ ዝናር ሲታጠቅ ያየ ሰው፥ ለጥይት የሚሰፋ ቆዳ ምን ያህል ክብር እንዳለው አይስተውም። ዓመታቱን የምንጠቅሰው፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናሳስባለን።

ኮሮጆውን ለማወቅ ጠመንጃውን ማወቅ ያስፈልጋል። በ18ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ እኩሌታ ከጀርመንና ከስዊስ አገር ወደ ፔንሲልቬንያ የተሻገሩ ጠመንጃ ሠሪዎች፥ በተለይም በላንካስተር አካባቢ የተቀመጡት፥ የአባቶቻቸውን አጭርና ወፍራም የአደን ጠመንጃ እያስረዘሙና እያቀጠኑ፥ በበርሜሉ ውስጥ የተጠማዘዘ ቦይ ያለውን ረጅም ጠመንጃ አወጡ። በኋላ ዘመን የኬንተኪ ጠመንጃ የተባለው ይኸው ነው። ጥይቱ እንደ ዛሬው በቀለህ ተዘጋጅቶ የሚመጣ አልነበረም። ተኳሹ ባሩዱን ሰፍሮ በአፈሙዙ ያፈስሳል፤ ድቡልቡሉን የእርሳስ ዓረር ቅባት በነካው ጨርቅ ጠቅልሎ በቀጭን ዘንግ እየገፋ እስከ ታች ያደርሰዋል፤ በጎን ባለችው ትንሽ ሳሕን ላይ ደቃቅ ባሩድ ይነሰንሳል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ቃታውን ሲስብ ባልጩቱ ብረቱን መትቶ የእሳት ፍንጣሪ ያወጣል።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሁሉ በአንድ ኮሮጆ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ዓረሩ፥ የጨርቁ ቁራጭ፥ ትርፍ ባልጩቱ፥ የባሩዱ መስፈሪያ፥ እሳት የሚገባበትን ቀዳዳ የሚጠርገው ቀጭን ብረት፥ አንዳንድ ጊዜም የዓረሩ መቅረጫ በዚያ ይገኛሉ። የባሩዱ ቀንድ ደግሞ ከኮሮጆው ጋር በጎን ይንጠለጠላል። ኮሮጆው ከግራ ትከሻ ወርዶ በደረት ላይ ያልፍና በቀኝ በኩል ከክንድ በታች ያርፋል። ክዳኑ ዝናብ የማያስገባ፥ ነገር ግን አውሬ በተነሣ ጊዜ እጅን የማያዘገይ መሆን አለበት። አፉም እጅ የሚያስገባ፥ ሆኖም ሰው ሲሮጥ ዕቃ የማያፈስስ መሆን ይገባዋል። እንግዲህ የኮሮጆው ውበት የመጀመሪያ መለኪያ ይህ ነው፤ ይህን ያላሟላ ኮሮጆ በላዩ የገነት አበባ ቢሣልበት እንኳ ኮሮጆ አይባልም።

አሠራሩም ከዚሁ አገልግሎት የተነሣ ነው። ቆዳው የላም፥ የጥጃ ወይም የአጋዘን ሊሆን ይችላል። በጥንት ጊዜ ቆዳ የሚለፋው ኦክ በሚባለው ዛፍ ቅርፊት ውኃ ለብዙ ወራት እየተዘፈዘፈ ነበር። ዛሬም ጠንቃቃ የሆነ ባለሙያ በፋብሪካ መድኃኒት ፈጥኖ ከለፋው ይልቅ በቅርፊት የለፋውን ይመርጣል፤ ይህ ቆዳ ረጥቦ በብረት ሲጫኑት ምልክቱን ይዞ ይቀራልና። ከተልባ ተክል የተፈተለው ክር በሰም ይታሻል፤ ቆዳው በወስፌ ይበሳል፤ ከዚያም በአንዱ ክር ሁለት ጫፍ የታሰሩት ሁለት መርፌዎች ከግራና ከቀኝ በአንድ ቀዳዳ ይተላለፋሉ። እንዲህ ያለው ስፌት አንዱ ቢበጠስ ሌላው ስለሚይዘው በአንድ ጊዜ አይተረተርም። ኮሮጆው ብዙ ጊዜ በውስጠኛው ገጹ ከተሰፋ በኋላ ይገለበጣል፤ ስፌቱም ወደ ውስጥ ገብቶ ከእሾህና ከቍጥቋጦ ፍትጊያ ይጠበቃል። ይህን ሁሉ የዘረዘርነው፥ ጌጡ ከምን ዓይነት ሥራ ጋር እንደሚዛመድ አንባቢው እንዲረዳልን ነው።

አሁን ወደ ጌጡ እንምጣ። ከአሮጌዎቹ ኮሮጆዎች እስከ ዛሬ የቆዩት አብዛኞቹ የ19ኛው መቶ ዓመት ናቸው፤ ከዚያ በፊት ከነበረው ዘመን የተረፉት ጥቂት ናቸው። ቆዳ በእርጥበት ይበሰብሳል፥ በድርቅ ይሰነጠቃል፥ አይጥ ይበላዋል፤ ያረጀውም ለሌላ ዕቃ መጠገኛ ይቀደዳል። ማዲሰን ግራንት የተባሉ ጸሐፊ በ1977 ስለ ኬንተኪ ጠመንጃ ኮሮጆ ባሳተሙት መጽሐፍ እነዚህን ቅሬታዎች በሥዕል አቅርበው ስላሳዩ፥ መጽሐፉ ለብዙ ባለሙያዎች መማሪያ ሆኗል። ከቀሩትም የብዙዎቹ ጌጥ ቍጥብ ነው። የክዳኑ ጠርዝ በልብ ወይም በሌላ ቅርጽ ይቈረጣል፤ በዙሪያው ጥብጣብ ይሰፋል፤ አልፎ አልፎም ዘርፍ ወይም ጥልፍ ይጨመራል። አዳኙ በጫካ የሚኖር፥ ገንዘቡንም ለባሩድና ለእርሳስ የሚቈጥብ ሰው ነበርና ይህ አያስደንቅም።

እንግዲያስ ዛሬ በአዲሶቹ ኮሮጆዎች ክዳን ላይ የሚታዩት የቱሊፕ አበባ፥ ልቡና ፊት ለፊት የሚተያዩት ወፎች ከወዴት መጡ? ብዙዎቹ የመጡት ከወረቀት፥ ከእንጨት ሣጥንና ከሸክላ ነው። በፔንሲልቬንያ የተቀመጡት ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ፍራክቱር የሚባል የጽሕፈትና የሥዕል ጥበብ ነበራቸው። በዚህ ጥበብ የልጆቻቸውን የልደትና የጥምቀት ምስክር ወረቀት እያስጌጡ ያጽፉ ነበር። በላንካስተር አውራጃ በኤፍራታ የነበሩት ገዳማውያንም ከ1740ዎቹ ዓመታት ጀምሮ መዝሙሮቻቸውን በዚህ ዓይነት ጽሕፈት አስጊጠዋል። መምህራን አንባቢዎቻችንን ደስ ሊያሰኝ የሚችለው ነገር ግን ሌላ ነው፤ ከጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ የሰበካ ትምህርት ቤት መምህራን ነበሩ። መምህሩ ለተማሪው የጽሕፈት አርአያ በወረቀት ጽፎ፥ ዙሪያውን በአበባና በሐረግ ከቦ ይሰጠው ነበር። ለተጋ ልጅ ደግሞ አንዲት ወፍ ወይም አንድ አበባ በትንሽ ወረቀት ሥሎ ይሸልመው ነበር። ዛሬ በቤተ መዘክር በመስተዋት ውስጥ የሚታየው ሥዕል፥ አንድ ቀን በአንድ የገበሬ ልጅ መዳፍ ውስጥ የነበረ የትጋት ዋጋ ነው።

ስለነዚህ ምስሎች ትርጕም ሊቃውንቱ አልተስማሙም። ጆን ጆሴፍ ስታውት በ1937 ባሳተሙት ጽሑፍ አበባውና ወፉ ከመንፈሳዊ መዝሙርና ከመጽሐፍ ቅዱስ የተቀዱ ምልክቶች ናቸው ብለው ተከራከሩ፤ ሌሎች ግን ገበሬው ለዓይኑ ስላማረው ብቻ የሣለው ነው አሉ። በጎተራ ግድግዳ ላይ በሚሣሉት ኮከቦችም እንዲሁ ሆነ። ዋላስ ናቲንግ የተባሉ ጸሐፊ በ1924 ኮከቦቹን የጥንቈላ መከላከያ እንደሆኑ አድርገው ከጻፉ በኋላ፥ ወሬው በየጎብኝው አፍ ገብቶ ቀረ። ከዚህ የምንማረው፥ አሮጌ ንድፍ በአዲስ ሰው እጅ ሲወድቅ አዲስ ተረት እንደሚለጠፍበት ነው። ባለሙያውም ሆነ ገምጋሚው ከዚህ ሊጠነቀቅ ይገባዋል፤ ቱሊፕን ለመውደድ በቱሊፕ ላይ ምሥጢር መፍጠር አያስፈልግምና።

በአፈሙዝ በሚጐረሰው ጠመንጃ መተኰስን እንደ ቅርስ የሚጠብቁ አሜሪካውያን በ1933 አንድ ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ። ዋላስ ገስለር የተባሉት ጠመንጃ ሠሪ በዊልያምስበርግ በጥንቱ መሣሪያና በእጅ ብቻ ሙሉ ጠመንጃ ሲሠሩ የሚያሳየው ፊልም በ1969 ወጣ። ነጻነታቸው 200ኛ ዓመቱን ባከበረበት በ1976 የሕዝቡ ስሜት ይበልጥ ተነቃቃ፤ በ1996 ደግሞ ዛሬ ጠመንጃ፥ ቀንድና ኮሮጆ የሚሠሩትን ሰዎች የሚያሰባስብ ሌላ ማኅበር ተመሠረተ። በዚህም የተነሣ የአዳኝ ኮሮጆ ከተረሳ ዕቃነት ወጥቶ የጥበብ ሥራ ሆነ፤ የጥበብ ሥራ ከሆነ ደግሞ በሂስ ዓይን መታየት ይገባዋል።

አንዳንድ ሰዎች «አሮጌዎቹ ኮሮጆዎች ቍጥብ ከነበሩ፥ በነርሱ ላይ የወረቀት አበባ ማኖር ታሪክን ማጣመም ነው» ይላሉ። እኛ ይህን ነቀፌታ አንቀበልም። ጥንታውያኑ ራሳቸው ንድፍን ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ያሻግሩ ነበር፤ በሣጥን ላይ ያለው ቱሊፕ በሸክላ ሳሕን ላይ ይገኛል፤ ጠመንጃ ሠሪውም በሰደፉ ላይ ለቅባት ጨርቅ ማስቀመጫ የሚያበጀውን የናስ ክዳን ጫፉን በአበባ ቅርጽ ያወጣው ነበር። እንግዲህ ከሰደፉ እስከ ኮሮጆው ያለው መንገድ የአንድ ክንድ ርቀት ነው። ሕያው ጥበብ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል፤ ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ የሚጠበቀው የሞተው ብቻ ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው «ንድፉ ለምን ተሻገረ?» ብለን አይደለም፤ የምንጠይቀው «እንዴት ተሻገረ?» ብለን ነው።

ይህንንም በምሳሌ ለማስረዳት ሁለት ኮሮጆዎችን በዓይነ ሕሊናችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። የመጀመሪያው ክዳን ከዳር እስከ ዳር በወፍራም ቀለም ተሸፍኗል፤ በአበባው ላይ አበባ፥ በወፉ ላይ ወፍ ተደርቧል፤ መልአክም አልቀረም፤ ሥዕሉ ከአንድ የጥምቀት ወረቀት እንዳለ የተገለበጠ ነው። ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቍጥር ቆዳው ይታጠፋል፥ ቀለሙ ግን አብሮ መታጠፍ አይችልም፤ ስለዚህ በመታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል፥ ቀጥሎም ይላጣል። በሁለተኛው ክዳን መካከል አንድ ልብ ተቈርጦ ከሥሩ ቀይ የሱፍ ጨርቅ ተሰፍቷል፤ ከልቡ ጫፍ የሚወጡ ሁለት የቱሊፕ ግንዶች የክዳኑን ጠርዝ ተከትለው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሄዳሉ፤ ግንዶቹ የተሠሩት በረጠበ ቆዳ ላይ በደነዘ ብረት ተጭነው ነው፤ መታጠፊያው ግን ባዶ ተትቷል። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ቀድተዋል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ወረቀትን በቆዳ ላይ ሲለጥፍ፥ ሁለተኛው የወረቀቱን ሐሳብ በቆዳ ቋንቋ ተናግሮታል።

የቆዳ ቋንቋ መቍረጥ፥ መስፋት፥ መደረብና በብረት መጫን ነው። የብዕር መሥመር ፈጣን ነው፤ ሊቀጥን፥ ሊወፍር፥ በአንድ ትንፋሽ ሊጠማዘዝ ይችላል። የብረት መሥመር ዘገምተኛ ነው፤ ያለ ልክ ከተጠማዘዘ ቆዳውን ይቈርጠዋል። ይህን የእኛ ደጓሾች ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር። የብራና መጽሐፍን ሽፋን የሚደጕስ ባለሙያ ብረቱን አግሎ በቆዳው ላይ ሲያትም፥ በሐረግ ሥዕል ላይ ያለውን ቀጭን ጠመዝማዛ ሁሉ ልቅዳ አይልም። መስቀሉን በመካከል፥ መሥመሩን በዙሪያ አድርጎ፥ ሐረጉን ለብራናው፥ ድጕሱን ለሽፋኑ ይተዋል። ጌጥን ማወቅ የሚተዉትንም ማወቅ ነው።

ይህን ስንል ግን አገልግሎትን ያለፈ ጌጥ ሁሉ ስሕተት ነው ማለታችን አይደለም። በሰሜን አሜሪካ በታላላቆቹ ሐይቆች አካባቢ የሚኖሩት የኦጂብዌ ሕዝብ ሴቶች በ19ኛው መቶ ዓመት በብርጭቆ ዶቃ የሚሠሩት ታላቅ የትከሻ ኮሮጆ ለዚህ ምስክር ነው። ቅርጹ ከአውሮፓውያን ወታደሮች የጥይት ኮሮጆ የመጣ ነው። ከጊዜ በኋላ ግን በአበባና በቅጠል ዶቃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሸፍኖ የክብር ልብስ ሆነ፤ አንዳንዱም ዕቃ የሚገባበት ኪስ እንኳ የለውም። ነገር ግን ማንንም አያታልልም፤ የክብር ልብስ ሆኖ ተሠራ፥ የክብር ልብስ ሆኖ ተለበሰ። አዲሱም ኮሮጆ በግድግዳ ላይ ለመሰቀል የተሠራ ከሆነ፥ እንደዚያ ተብሎ ይቅረብ፤ ያን ጊዜ በአገልግሎት ሳይሆን በሥዕልነቱ እንፈርደዋለን።

አሁን ዋነኛ ወደሆነው ነቀፌታችን ደርሰናል። ከአዲሶቹ ባለሙያዎች አንዳንዶቹ ኮሮጆውን በጥንቃቄ ሰፍተው ከጨረሱ በኋላ ያስረጁታል። ቆዳውን በጥቍር ቀለም ያጠይሙታል፥ በድንጋይ ይፈትጉታል፥ ጥቂት ስፌት ይተረትራሉ፥ ያልተቀደደውን ቀድደው ይጥፋሉ፤ ትናንት የተሳለውም ቱሊፕ የ200 ዓመት እጅ የዳሰሰው መስሎ እስኪታይ ድረስ ይታሻል። በዚህ ውስጥ ትልቅ ችሎታ እንዳለ አንክድም። ባለሙያዎቹም «አዲስ ኮሮጆ ከአሮጌ ጠመንጃ ጋር አይስማማም፤ እኛም እንደ ትያትር አልባሽ የዘመኑን መልክ እናሳያለን» ሲሉ የሚሰጡት ምክንያት ባዶ አይደለም። ትያትር ተመልካች ግን ንጉሡ ንጉሥ እንዳልሆነ እያወቀ ይገባል። ኮሮጆው ከሠሪው እጅ ወጥቶ ከገዢ ወደ ገዢ ሲተላለፍ፥ ሠሪውም ሲሞት፥ መጋረጃው የሚዘጋ ማን ነው?

ጕዳቱም ከአንድ ገዢ ኪስ የሚያልፍ ነው። የጫካው አዳኝ መጽሐፍ ጽፎ አልተወም፤ ብዙዎቹም ስማቸውን እንኳ መጻፍ አይችሉም ነበር። የኑሯቸው ምስክር ይህ ጥቂት ቆዳ ነው፤ ማንገቻው በየት እንደሳሳ፥ ክዳኑ በየትኛው እጅ እንደተከፈተ፥ የተቀደደው በምን ዓይነት ክር እንደተጠገነ ያየ ተመራማሪ ከዚያ ሰው ጋር ይነጋገራል። ሐሰተኛ ማርጀት ያለበት ኮሮጆ በመካከላቸው ሲቀላቀል፥ ያልነበረ ሰው ያላደረገውን ነገር ይመሰክራል። ያጌጠውም ሲሆን ይብሳል፤ የቀድሞዎቹ ኮሮጆዎች ሁሉ በቱሊፕ የተሞሉ ነበሩ ብሎ የሚያስብ ትውልድ ይነሣልና። ስለዚህ «በ1770 የተሠራ የፔንሲልቬንያ ኮሮጆ» የሚያስመስል አቀራረብ ነውር ነው፤ «በፍራክቱር አብነት በዘመናችን የተሠራ ኮሮጆ» የሚለው ግን ክብር ነው።

መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ሠሪው ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን በክዳኑ ውስጥ በማይጠፋ ብረት ያትም። በዚያ አገር ይህን የሚያደርጉ ባለሙያዎች አሉ፤ እኛም ከሁሉ በላይ የምናመሰግናቸው እነርሱን ነው። የአሜሪካ መንግሥትም በ1990 ባወጣው ሕግ፥ የቀደምት ነዋሪዎቹ ሕዝቦች ያልሠሩትን ዕቃ የነርሱ ሥራ ነው ብሎ መሸጥን ከልክሏል። ይህ ሕግ የኦጂብዌን የዶቃ ኮሮጆ ይጠብቃል፤ የፔንሲልቬንያን ቱሊፕ ግን የሚጠብቀው የሠሪው ኅሊና ብቻ ነው።

ነገሩ የሩቅ አገር ብቻ አይደለም። በእኛም ከተሞች ለጎብኝ በሚሸጥ ዕቃ መካከል፥ ትናንት የተሣለ የብራና ሥዕል በጢስ ታጥኖ «የጥንት ነው» ሲባል ያልሰማ ጥቂት ነው። የተሣለው መልካም ሆኖ ሳለ ሠዓሊው ራሱን ይደብቃል፤ ገንዘብ ያገኛል፥ ስም ግን ያጣል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር፥ ፋቂውንና ቀጥቃጩን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ሌላው ሰው ሠራተኛውን እንዳያዋርድ አዝዟል፤ ሠራተኛው ሥራውን በሌላ ዘመን ስም እየሸሸገ ራሱን ቢያዋርድ ግን የትኛው አዋጅ ያድነዋል? የቆዳ ሥራ በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ያሉ መምህራን ከስፌቱና ከድጕሱ ጋር ስምን ማተምንም ቢያስተምሩ፥ ለተማሪው የሚሰጡት ከሙያ የሚበልጥ ነገር ነው።

ፍርዳችንን ለማጠቃለል፥ የአዲሱ አዳኝ ኮሮጆ ጥበብ በመልካሙ ወገኑ ሲታይ ምስጋና የሚገባው ነው። አሮጌ ንድፍን ከመስተዋት ውስጥ አውጥቶ ወደ ሰው ትከሻ መልሶታል፤ የገጠሩ መምህር ለትጉህ ተማሪ የሣላትን ወፍ እንደገና አብርሯታል። የምንጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ጌጡ ለኮሮጆው ሥራ ይታዘዝ፤ በቆዳ ላይ ሲወጣ የቆዳን ቋንቋ ይናገር፤ ዕድሜውንም አይዋሽ። ማርጀት ቸኵሎ የሚያመጡት ነገር አይደለም። ዛሬ በደንብ የተሰፋ ኮሮጆ፥ ባለቤቱ በዝናብና በፀሐይ ይዞት ከወጣ፥ ከጊዜ በኋላ ራሱ ያረጃል፤ ያን ጊዜም የሚመሰክረው የእውነተኛ ሰውን እጅ ይሆናል።